ጣሳ የተሰቀለበት መታጠፊያ

ሞተር ብስክሌት አልወድም። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ስለ ሞተር ስለሆነ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ለባለቤቴ ግን ነፍሱ ነበር። ሰበታ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱ መካኒክ ነበር፤ ቤታችን ደግሞ ቡራዩ ነው። ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ በከተማው ዳር ዞሮ ሰበታ ይገባል፤ ማታ ሲመለስ በረንዳው ላይ ያቆመውና ራቱን ከመብላቱ በፊት በጨርቅ ይወለውለዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቁርጥራጭ ጨርቄ ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ሞተር ላይ ነበር። አንድ ቀን ለሙሽራ ቀሚስ ያስቀመጥኩትን ሳቲን አንስቶ የጭስ ማውጫውን ሲወለውልበት ደረስኩ። ያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የሞተረኞች ማኅበር ሱሉልታ ሜዳ ላይ ውድድር ያደርግ ነበር። ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ጫንጮ የሚወስደው አስፋልት እዚያ ሜዳ ላይ በገመድ የተለካ ይመስል ቀጥ ይላል። እሑድ ጠዋት ፖሊስ መንገዱን ይዘጋል፤ ሞተረኞቹ በዚያ ቀጥታ መንገድ ነፋስ ሆነው ይመጣሉ። መጨረሻው ላይ መንገዱ በአንድ ጉብታ ሥር ወደ ግራ ይታጠፍና ወዲያው ጠባብ ድልድይ ላይ ይወጣል። ከድልድዩ ወዲያ በጠጠር መንገድ ታጥፈው በመንደሩ ጀርባ ዞረው ወደ መነሻው ይመለሳሉ። እንዲህ እየዞሩ ይሽቀዳደማሉ። እኔ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያልኩ እቤቴ እቀመጣለሁ።

ችግሩ ጉብታው ነበር። በቀጥታው መንገድ የሚመጣ ሰው ከጉብታው ጀርባ ድልድዩ ላይ ምን እንዳለ አያይም። ሰው ወድቆ ቢሆን፣ በሬ ገብቶ ቢሆን፣ የሚያውቀው እላዩ ላይ ሲደርስ ነው። ለዚህ ብለው መታጠፊያው ላይ አንድ ቀይ ፋኖስ ያስቀምጡ ነበር፤ አደጋ ሲኖር ይበራል፣ ያየ ፍሬን ይይዛል። ከማወራው ውድድር በፊት በነበረው ዓመት አንድ ሞተረኛ ድልድዩ ላይ ወደቀ፤ ፋኖሱም በራ። ከኋላ የመጣው የእኔ ባል ግን ፍሬን ሳይዝ መጥቶ የወደቀውን ሞተር ገጨና ገደል ሊገባ ትንሽ ሲቀረው የድልድዩ ግንብ ያዘው። የትከሻው አጥንት ተሰበረ። የቡራዩ ወጌሻ አሽቶ አሰረለትና ብዙ ጊዜ ከሥራ ቀረ።

ከስብራቱ ይልቅ ያመመው ወሬው ነበር። ፋኖሱ መብራቱን ሁሉም አይቷል። እሱ «አላየሁም» አለ። ማኅበርተኞቹ ፊት ለፊት ባይሉትም፣ ለመቅደም ብሎ አይቶ እንዳላየ አለፈ እየተባለ ይወራ ነበር። ባሌ ብዙ ጉድለት አለበት፤ ሳቲኑን ነግሬያችኋለሁ። ውሸት ግን አያውቅም። አላየሁም ካለ አላየም። አልጋ ላይ ተኝቶ ጣሪያውን እያየ «በርቶ ነበር ነው የሚሉት?» ብሎ ደጋግሞ ሲጠይቀኝ አንጀቴ አረረ።

ሲያገግም ደግሞ እንደገና እወዳደራለሁ አለ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ዝም አልኩ። አልሆነም። ስለዚህ ነጠላዬን አጣፍቼ የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋ ሄድኩ። ሰብሳቢው ከተማ ውስጥ ጋራዥ ያለው አርመን ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የማይተናነስ ሰው። ሁሉም እንደ ፈረንጅ ወግ ሙሴ ይሉታል፤ እኔም ሙሴ አልኩት። ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ አዳመጠኝና መብራቱ በርቶ እንደነበር፣ ይህንንም ብዙ ሰው እንደሚመሰክር በትዕግሥት አስረዳኝ።

«መብራቱን አልጠየቅኩም፤ መታየቱን ነው የጠየቅኩት» አልኩት።

ሙሴ እጁን መጥረጉን ተወ። ምን እንድናደርግ እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ባሌ በሚነዳበት ፍጥነት ከኋላው ተቀምጬ መብራቱን በሩቁ በገዛ ዓይኔ ካላየሁ በቀር ባሌ አይወዳደርም አልኩ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ አፍሮ ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ በሦስተኛው ግን ለእኔ የሚሆን ሄልሜት ተውሶ መጣ።

እንዲህ ሆኖ ነው የማልወደው ነገር ላይ የተፈናጠጥኩት። ጥቅምት ላይ እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት፣ ሦስታችን ሱሉልታ እንሄዳለን። ሙሴ መታጠፊያው ላይ ቆሞ መብራቱን አንዴ ያበራል፣ አንዴ ያጠፋል፤ መቼ እንደሚያበራ አይነግረንም። እኛ ከሩቅ እንመጣለን። ንግግር በነፋሱ ስለማይሰማ ምልክት ተስማማን፤ መብራቱን ሳይ የባሌን ጀርባ በጡጫ እመታለሁ። ከአምና ጀምሮ ያጠራቀምኩት ንዴት ስለነበረ ጡጫው አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይበረታ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ፋኖሱን አምና የነበረበት ቦታ፣ መንገዱ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። አላየሁትም። በርቷል ብዬ የመታሁት ጊዜ ደግሞ ጠፍቶ ኖሮ የማለዳው ፀሐይ ነው ቀዩን መስተዋት ያበራው። ባሌ ሞተሩን አቁሞ ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አምና የሆነውን ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ያወቅነው። ሙሴም መጥቶ እጁን ጨበጠው።

ከዚያ በኋላ ሥራው እልህ ሆነብን። ሙሴ ፋኖሱን ትቶ ከመኪና ባትሪ ጋር የተያያዘ ቀይ አምፑል አመጣና የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ከፍ ሲል ከጀርባው ሰማዩ ሆነና ብርሃኑ ሟሟ። ዝቅ ሲያደርገው ከጀርባው የባሕር ዛፉ ቅጠል እየተብለጨለጨ ዋጠው። እኔ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ሲለኝ ከመርፌው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ አደርጋለሁ፤ ያኔ ቀዳዳው ወለል ብሎ ይታየኛል። ይህን ነገርኳቸውና ጥቁር ጨርቅ ሰፍቼ አመጣሁ። ጨርቁ በነፋስ እየተርገበገበ አምፑሉ ላይ ተጠመጠመ። ባሌ ጨርቁን ትቶ ጣውላ ጥቁር ቀባና ከእንጨቱ ላይ በምስማር መታው። ይህ በጣም ረዳ። የቀረው ፀሐዩ ብቻ ነበር፤ ለእሱ ሙሴ ከጋራዡ አንድ ትልቅ የዘይት ጣሳ አምጥቶ ቂጡን ቆረጠ፣ ውስጡን ጥቁር ቀባ፣ አምፑሉን ከፀሐይ እንዲከልልለት እንጨቱ ጫፍ ላይ ሰካው።

በሚቀጥለው እሑድ ገና ከአንዲት ብቸኛ ጥድ አጠገብ ስንደርስ፣ መታጠፊያው የት እንደሆነ እንኳ በማይለይበት ርቀት፣ ቀዩ ነጥብ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። መታሁት። እሱም ለካ በዚያው ቅጽበት አይቶት ኖሮ እየሳቀ ፍሬን ያዘ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሦስታችንም እንጨቱ ሥር ቆመን ሥራችንን ቀና ብለን እያየን የሙሴን ዳቦና ሙዝ በላን። ጥሩ መብራት ነበር። ከመንደሩ በኩል ለሚመጣ ሰው ምን እንደሚመስል ግን ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም።

በአገራችን ጣሳ እንጨት ጫፍ ላይ ተሰክቶ መንገድ ዳር ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሙሴም ያውቃል፤ ከእኔ ባል ጋር ስንት ጣሳ ሥር አብረው ተቀምጠዋል። ግን ያን ሁሉ እሑድ እንደ መብራት ስናየው ከርመን ጣሳነቱን ረስተነው ነበር።

የውድድሩ ቀን ማብሪያውን ማን ይያዝ ሲባል ሙሴ ወደ እኔ ዞረ። «ሌላ ሰው ብናስቀምጥ አታምኚም። አንቺው ያዢው» አለኝ። ያዝኩት። ባትሪው ጉብታው አናት ላይ ሆነ፤ ሽቦው ወርዶ ከታች መንገዱ ዳር ካለው እንጨት ጋር ይገናኛል። እኔ ከላይ ተቀምጬ በአንድ ወገን ቀጥታውን መንገድ፣ በሌላው ወገን ድልድዩን አያለሁ። ከታች ያለ ሰው ድልድዩ አይታየውም።

ውድድሩ ሳይጀመር ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌዎች በመንደሩ መንገድ ብቅ አሉ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው፣ እየተጫወቱ መጡና ልክ እንጨቱ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። በዕድሜ ትልቁ የሆኑት ጣሳውን ቀና ብለው አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ» ብለው እንዴት አደርሽ ልጄ አሉኝ። በቡራዩ ገበያ በተማርኩት ኦሮምኛ መለስኩላቸው። ደስ አላቸውና ሣሩ ላይ አረፍ አሉ። ሌሎቹም ተከትለው ተቀመጡ፣ እንጨቱን ከበው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው።

«ገና አልደረሰም እንዴ?» አሉኝ ትልቁ።

ምኑ ብዬ ልጠይቅ ስል ጣሳውን ቁልቁል አየሁ፤ ክው አልኩ። ጠላ ቤት አለመሆኑን፣ መብራት መሆኑን፣ ሞተሮች እንደሚመጡ በሁለት ቋንቋ አስረዳኋቸው። በትሕትና ሰሙኝ። ሽማግሌው ለባልንጀሮቻቸው «ጣሳ አለ፣ ጠላ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው» አሉና ተሳሳቁ። ጠላው ገና ስላልጠለለ ነው የምታሳፍረን ብለው ገምተው ነበር፤ ይህን በኋላ ነው የነገሩኝ። የሞተሩንም እሽቅድምድም እያየን እንቆያለን አሉ። ከዚያ ቦታ በስተቀር የትም ቢቀመጡ ግድ አልነበረኝም። ኦቦ፣ እባክዎ ወደ እኔ ከፍ ይበሉ ብዬ ለመንኳቸው። ጉልበቴ ዳገት አይወድም አሉኝ። ሽማግሌ ጎትቶ ማስነሳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እኔም አልደፈርኩም።

ተቀምጠው ሳሉ መብራቱ ከጃንጥላዎቹ በላይ ነበር፤ እሱን እያየሁ ልቤን አጽናናሁት። ሞተሮቹ መጡ። አንዴ ዞሩ፣ ደግመው ዞሩ፤ ሽማግሌዎቹ በእያንዳንዱ ማለፍ ይገረማሉ። ባሌ ነጭ ሄልሜት አድርጎ ሁለተኛ ነው። ፊተኛው ብዙ ርቆታል፣ እሱ ደግሞ ሊደርስበት ሰውነቱን ሞተሩ ላይ አስተኝቷል። እኔ ማብሪያውን በሁለት እጄ ነበር የያዝኩት።

ፊተኛው ሞተረኛ ታጥፎ ድልድዩ ላይ ሲወጣ የኋላ ጎማው ጠጠር ላይ ተንሸራተተና ወደቀ። ሞተሩ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላ ወገን፣ ሁለቱም ድልድዩ መካከል። ማብሪያውን ጫንኩ። በራ። ዞር ብዬ ቀጥታውን መንገድ ሳይ የባሌ ነጭ ሄልሜት ጥዱን አልፏል።

ሽማግሌዎቹ ድልድዩን አላዩም። ያዩት ነጩን ሄልሜት ነው፤ እሱን በደንብ ለማየት ብለው በአንድ ላይ ተነሡ። ጃንጥላዎቹ አብረው ተነሡ። መብራቱ ከጀርባቸው ቀረ።

ከመብራቱ ዞር በሉ ብዬ ጮህኩ። ዞር ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። አደጋ ነው አልኩ፣ በእናታችሁ አልኩ፣ ሰው ይሞታል አልኩ። የሞተሩ ድምፅ እየቀረበ ስለነበር ቃሉ አልደረሳቸውም፤ የደረሳቸውም የሴት ድንጋጤ ነው ብለው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ባሌ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ባል የሚባል ነገር ከዚህ በኋላ እንደማይኖረኝ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፤ ተነሥቼ በሙሉ ድምፄ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣

«ኮታ! ፈርሶን አስ ጂራ!» አልኩ። ኑ፣ ጠላው እዚህ ነው ማለት ነው።

ይህን ሰሙት። ዳገት የማይወደው ጉልበት ቀድሞ ተንቀሳቀሰ፤ ትልቁ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ጉብታውን ሽቅብ ሲሉ ሌሎቹ እየተጋፉ ተከተሏቸው። እንጨቱ ብቻውን ቀረ፤ ቀዩ መብራት ወጣ። የባሌ ሞተር ድምፅ ተቀየረ፤ ፍሬኑ ጮኸ፣ ጎማው አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ጣለ። በመታጠፊያው እግሩን መሬት እያስነካ ገብቶ ከወደቀው ሰው ጥቂት ክንድ ሲቀረው ቆመ። ወርዶ ለኋለኞቹ እጁን ወደ ላይ አነሣ። እኔ ባትሪው አጠገብ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ ደርሰው ባትሪውን እንደ ጋን ከበው ቆሙ። ትልቁ ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና ብለው ድልድዩንም፣ የወደቀውንም፣ እኔንም አዩ። ነገሩ ገባቸው።

«ያ ነጭ ቆብ ያደረገው ያንቺ ነው?» አሉኝ።

የኔ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ግን ሽማግሌ እንዲህ አይታለልም፣ በጠላ ስም የተጠራ ሰው ጠላ ሳይጠጣ መቅረት የለበትም አሉ። ለማርያም ተስዬ እንኳ እንደዚያ ከልቤ እሺ ብዬ አላውቅም።

የወደቀው ልጅ እግሩ ተልጦ ተረፈ። ማታ ባሌ መብራቱን ከየት ጀምሮ እንዳየው ጠየቅኩት። መጀመሪያ ያየሁት መብራቱን አይደለም አለኝ። ጥቁር ነገር ሲተራመስ አይቶ ምንድን ነው ብሎ ነዳጅ መስጫውን ለቅቆ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ መብራቱ የታየው ከዚያ ወዲያ ነው። በእሽቅድምድም ላይ ያለ ሰው ዓይኑ የሚያሳድደው ሰው ላይ ነው፤ ዝም ብሎ የቆመ መብራት ቢታይም ልብ አይባልም። ያን ሁሉ እሑድ እኔ ከኋላው ተቀምጬ መብራቱን ስፈልገው ነበር፤ እሱ ግን ሲሽቀዳደም የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ይህን ለሙሴ ስንነግረው ለሚቀጥለው ዓመት ከአሮጌ መኪና የፍሬቻውን ዕቃ ፈቶ አምፑሉ ላይ ገጠመው፤ ብልጭ ድርግም የሚል ሆነ። ጣሳውን ደግሞ አውጥቶ በቆርቆሮ ቀየረው። የሱሉልታ ሰው ግን ያን መታጠፊያ ጠላ ቤቱ ብሎ ጠራው፤ አንድ ጣሳ ጠላ ሳይሸጥበት።

እኔ ጌሾና ብቅሌን ጠንስሼ ጠላዬን ጠመቅኩ። ሲደርስ ማድጋ ሞልቼ፣ አፉን በጨርቅ አስሬ፣ በእኔና በባሌ መካከል አቅፌው ሞተሩ ላይ ወጣን። እንጦጦን ስንወጣ እንዳይፈስ ብሎ እንደ ኤሊ ነዳ። መንገዱን ሁሉ ስለሚቀጥለው ዓመት ውድድር ያወራል፤ አንደኛ ልሆን ነበር እኮ ይላል። እኔ ማድጋዬን አጥብቄ አቀፍኩ።

ሽማግሌዎቹ ገና ባልተነሣው ጣሳ ሥር ጠበቁን። ቀዳሁላቸው። ትልቁ ቀምሰው መረቁን፤ ቤታችሁ ይሙላ፣ ክፉ አይንካችሁ አሉ። ከዚያ ባሌን ትክ ብለው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የማንጠጣ ሰዎች ብንሆን ኖሮ ምን ብለሽ ትጠሪን ነበር?»

ባልንጀሮቻቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ባሌ ግን አልሳቀም። የተቀዳለትን ጠላ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ድልድዩ እያየ ቆየ። ጠላው ሲያልቅ ተመርቀን ተነሣን።

ስንመለስ ስለ ውድድር አላወራም። ማድጋው ባዶ ነበር፤ እሱ ግን እስከ ቡራዩ ድረስ እንደ ሞላ አድርጎ ነዳ።